መርዶና መድረክ

አምቦ፣ መስከረም 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህታችን ለወይዘሮ መንበረ፣ ባለሽበት ኦስሎ።

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኛ ለክፉ አይስጠን፤ ከእኔ ጆሮ በቀር የታመመ የለም። ስልክ ስትደውዪ አንቺ ስትናገሪ እኔ ስገምት መዋላችን ሰለቸኝና ወደ ጥንቱ ልማዳችን ልመለስ ብዬ ብዕር አነሳሁ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ወሬው እንዲህ ነው። የሟች እህትሽ ልጅ ፍሮምሳ ወደ እናንተ አገር መጣልሽ። በርገን የምትባል ከተማ ያለ የቲያትር ትምህርት ቤት ተቀብሎታል። ከአንቺ ቤት የሰባት ሰዓት የባቡር መንገድ ነው አሉኝ፤ ለዘመድ ሩቅ አይደለም። ልጁ እዚህ አምቦ መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ በወንበር ይጣላ ነበር። ጉደር ሄዶም የካምፓሱን ተማሪዎች በጊታሩ አስለቅሷቸዋል። አባቱ ወንድሜ ዲንሳ ግን የልጁን ትያትር ሊያይ አንድም ቀን ከሚኖርባት ከጎጆ ከተማ ወርዶ አያውቅም። «አርፎ ቢቀመጥ ደህና የፈረስ ነጋዴ ይወጣው ነበር» ይላል። ታላቅ እህታችን አዴ ሃዋኒማ «አዝማሪ ልናደርገው ነው ያስተማርነው?» ብላ አኩርፋ ሰነበተች።

ሲሸኘው ግን ዲንሳ መናኸሪያ ድረስ መጣ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት «የሰው አገር ስትዘፍን ኮትህን ቆልፍ» አለው። ይህ ከዲንሳ አፍ ሲወጣ ምርቃት መሆኑን ታውቂያለሽ። አደራሽን እይልን።

የጆሮ መስሚያዬ ባትሪ እዚያ ከተገኘ በሰው ላኪልኝ። እግዜር ያክብርሽ።

ነጋሳ

ኦስሎ፣ የካቲት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለኦቦ ነጋሳ፣ አምቦ።

አካም ጂርቱ? ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሳይቀር እንዴት ከረመ? መልሴ በመዘግየቱ አይቀየሙኝ። የምሠራው አረጋውያን ቤት ነውና ቀኑን ሙሉ የሰው አዛውንት ስጦር ውዬ የራሴን ታላላቆች ረሳሁ። ባትሪውን እዚህ ኦስሎ ያለችው የጎረቤትዎ የቡርሃን እህት መርየም አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጥታልኛለች።

ስለ ልጃችን ልንገርዎት። ትምህርቱን እየገፋ በቴሌቪዥን ድራማ መታየት ጀምሯል፤ ግን እስካሁን የሚሰጡት ወይ ታክሲ ነጂ ወይ ሬሳ ነው። እኔ ራሴ ደጋግሞ ሲሞት አይቼዋለሁ። ባለፈው ከባሕር ወጥቶ ተዘርግቶ ሳየው ጮኼ የፎቁን ሰው ሰበሰብኩ። ስደውልለት «አክስቴ፣ ውኃው ቀዝቃዛ ነበር እንጂ ደህና ነኝ» ብሎ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንድ ቡና ቤት ይዘፍናል። ብሉዝ ነው የሚለው፤ የጥቁር አሜሪካውያን የብሶት ዘፈን ነው። አንዱን ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግማል፣ ከዚያ በሦስተኛው ይመልሰዋል። በእንግሊዝኛ ይጀምርና መሀል ላይ ወደ ኦሮምኛ ይገባል። ሰው ምኑንም ሳይሰማ ጸጥ ይላል። እኔ መዝፈኑን አልወደድኩለትም ነበር፤ ያን ቀን ግን ኮቴን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ድምፁን ቀድቼ በመርየም በኩል ለቡርሃን ልኬያለሁ። ለኦቦ ዲንሳ ያሰሙልኝ።

መንበረ

አምቦ፣ ሰኔ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህታችን ለመንበረ፣

ሰላምታዬ ከዓመት በላይ የዘገየ ነውና በዚያው ልክ ተቀበዪኝ። አገሩ ሰላም አልነበረም፤ መንገድ ሲከፈት መልእክተኛ ይጠፋል፣ መልእክተኛ ሲገኝ መንገድ ይዘጋል። አሁን ደህና ነን።

ድምፁን ይዤ ጎጆ ወጣሁ። ዲንሳ ገብስ ሲያስወቃ አገኘሁት። የቡርሃንን ስልክ ጆሮው ላይ ደቅኜ አሰማሁት። አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቶ «ምን ሆኖ ነው አንዱን ነገር ሁለቴ የሚለው?» አለኝ። የዘፈኑ ወግ እንደዚያ መሆኑን አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና «አንድ ነገር ሁለቴ የሚል ሰው የመጀመሪያውን የሚሰማው ስላጣ ነው» አለ። ከዚያ ወደ አውድማው ተመለሰ። ማታ እራት ላይ ግን ማንም ሳይጠይቀው ጌረርሳ፣ ያንን የአባቶቻችንን የጀግና ዘፈን፣ አወጣ። የልጅነታችንን፣ ፈረስ እየነዳን ወደ እንጭኒ ገበያ ስንወርድ የሚለውን። አብራኝ የሄደችው ሚስቴ ሳትቀር አፏን ይዛ ቀረች፤ ዲንሳ ሲዘፍን ከሰማነው ስንት ዘመኑ!

ይህን ለፍሮምሳ ንገሪው። ይደሰታል።

ነጋሳ

ኦስሎ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለኦቦ ነጋሳ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልዎት።

የነገሩኝን ነገርኩት። «አክስቴ፣ የጀመርኩትን ልጨርስና ልደውል» ብሎ ስልኩን ዘጋው፤ የሚጨርሰው ነገር እንዳልነበረው ከድምፁ ገባኝ። በሳምንቱ ደውሎ የራሴን ትያትር እየጻፍኩ ነው አለኝ። ብቻውን የሚጫወተው ነው። አባቱ ከጎጆ እስከ እንጭኒ ፈረስ ነድቶ ሲሸጥ፣ መንገዱን፣ ክርክሩን፣ ብርዱን በንግግርም በብሉዝም ያሳያል። የበርገን ትያትር ቤት ትንሿን አዳራሽ ፈቅዶለታል። የካቲት መጨረሻ ይከፈታል። ሰው ከወደደው በቋሚነት እንደሚቀጥሩት ነግረውታል። ካልሆነ የመኖሪያ ፈቃዱም ያበቃል። ያው ወደ ሬሳነቱ መመለሱ ነው ብዬ ብቀልድ አልሳቀም።

ለኦቦ ዲንሳ ይንገሩልኝ። ፍሮምሳ በየእሁዱ እየደወለለት ስለ ፈረስ ዋጋ ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት አሉ። አባትና ልጅ እንዲህ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

መንበረ

አምቦ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

እህቴ መንበረ፣

ይህ ወረቀት ሳይደርስሽ መርየም ደጅሽ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ቡርሃን ለእህቱ ደውሎ፣ ሰው አስከትላ እንድታረዳሽ አደራ ብለናታል። በደብዳቤ መርዶ አልነግርሽም።

ወንድሜን ቀበርኩት። ጉንፋን ነው ሲል ሳንባው ኖሯል። አምቦ ሆስፒታል አድርሰነው ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም። የጎጆ ሰው በዚያ ብርድ ሁለት ቀን ሜዳ ላይ አደረ። እኔ ታናሹ ነኝ፤ ሰው ሁሉ «ነጋሳ አይዞህ» ሲለኝ እሺ እላለሁ እንጂ አይዞህ የሚባለው የት ቦታ እንደሚገባ አላውቀውም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አሁን የከበደኝ የፍሮምሳ ነገር ነው። እሱን ማን ያረዳዋል? ያለ ሰው፣ ያለ ሽማግሌ፣ በባዕድ ከተማ በስልክ «አባትህ ሞተ» ተብሎ ይነገረዋል? እኔ ይህን አላደርገውም። በዚህ ላይ ትያትሩ የካቲት ነው አልሽኝ። መላ ስጪኝ።

ነጋሳ

ኦስሎ፣ ጥር 16 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለኦቦ ነጋሳ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። መርየም ከሁለት ሴቶች ጋር ገና ሳይነጋ መጣች። በሩን ስከፍት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ማን እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቅኋት። ኦቦ ዲንሳ እህቴን አክብሮ የኖረ፣ እሷ ስትሞትም ልጁን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው። እንደ ወንድሜ ነው ያለቀስኩት።

እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት። ልጁን እየዋሸሁት ነው። አንድ እሁድ ደውሎ «የአባቴ ስልክ ለምን አይሠራም?» አለኝ። የጎጆ ኔትወርክ ተቋርጧል አልኩት። «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለኝ። ጉንፋን አልኩት፤ ጉንፋን ስል ደግሞ ራሴ አለቀስኩ። ለተዋናይ መዋሸት ለሐኪም በሽታ እንደመደበቅ ነው። ባለፈው እሁድ ጭራሽ አልደወለም። ይህ ነው ያስፈራኝ።

የእኔ ሐሳብ ትያትሩ ካለፈ በኋላ ይነገረው ነው። ከተረዳ መድረክ አይወጣም። የእኛ ሰው ነው፤ አባቱ ሞቶ ጊታር አይነካም። አዳራሹን ለሌላ ይሰጡታል፣ የሦስት ዓመት ልፋቱ በአንድ ጠዋት ይሄዳል። ኦቦ ዲንሳም ቢጠየቅ ይህን አይወድም ነበር። እባክዎ ይፍቀዱልኝ።

መንበረ

አምቦ፣ የካቲት 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእህታችን ለመንበረ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ጎጆ አዴ ሃዋኒ ዘንድ ሄድኩ። አሁን የቤታችን ታላቅ እሷ ናት፤ ያለ እሷ ቃል የሚሆን ነገር የለም። አነበብኩላት። ያለችውን እንዳለችው እጽፍልሻለሁ፦

«ልጁ ጠርጥሯል። ተዋናይ ነው፣ ሞኝ አይደለም፤ መደወል ያቆመው ለምን መሰላችሁ? አባቱ መሞቱን እያወቀ ከዘፈነ በወንድሜ ደጅ አይለፍ፣ እኔንም አክስቴ አይበለኝ። ሳይዘፍን በፊት ሂዱና አርዱት።»

መንበረ፣ አትቆጪኝ፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። የትያትር ቤት ሥራ ይገኛል። ነገ የአባቱን የዓመት ተዝካር ሊያወጣ ሲመጣ ሰው ፊቱን ቢያዞርበት ግን የት ይገባል? እዚህ ወሬው ካሁኑ ተጀምሯል። ሰው «የዲንሳ ልጅ ሰምቷል?» ይለኛል፤ «አልሰማም» ስል ተያይቶ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ መንገድ ላይ ሰው መሸሽ ጀምሬያለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ።

ስለዚህ ሰው አሰባስበሽ፣ በጠዋት፣ እህል ሳይቀምስ ንገሩት። ብቻሽን እንዳትሄጂ። አደራ በሰማይ አደራ በምድር።

ነጋሳ

ኦስሎ፣ መጋቢት 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለኦቦ ነጋሳ፣

እንደ ቃልዎ አደረግሁ፤ እንደ ቃልዎ ግን አልሆነም። የሆነውን አንድ ሳላስቀር እጽፋለሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትያትሩ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። መርየምንና ባሏን ይዤ በባቡር በርገን ገባን። እዚያ የሚኖሩ ሁለት ያገር ሰዎች ጨመርንና በመክፈቻው ቀን ንጋት ላይ ደጁ ደረስን። ዝናብ ነበር። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ፣ ወንዶቹ ጋቢ ለብሰዋል። ጎረቤቱ ውሻውን ይዞ ሲወጣ አይቶን መንገድ ቀየረ።

ሳናንኳኳ ፍሮምሳ ከፎቅ በመስኮት አየን። መጋረጃው ተመለሰ። ወርዶ ከበሩ ጀርባ ሲቆም በመስታወቱ ጥላው ይታየኛል፤ በሩን ግን አልከፈተም። ኦቦ ነጋሳ፣ እኛ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ ሆነን ለምን እንደመጣን የማያውቅ ያገራችን ሰው አለ? «ፍሮምሳ» ብዬ አፌን ስከፍት እንዲህ አለኝ፦

«አክስቴ፣ እንዳትነግሪኝ። ማንም አንድ ቃል እንዳይናገር። ዛሬ ማታ አባቴን ሰው ፊት ላቆመው ነው። ሞቶ ከሆነ ላቆመው አልችልም። እስካልነገራችሁኝ ድረስ አለ። ነገ በዚሁ ሰዓት ኑ፤ ያኔ ቁጭ ብዬ እሰማችኋለሁ። በእናቴ ይዤሻለሁ።»

እንደ መጣሁበት ብናገር ኖሮ ይኸው አደራዬን ተወጣሁ ማለት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። የመርየም ባል እጄን ያዘና «እንመለስ፣ ባለቤቱ ቀጠሮ ሰጥቶናል» አለ። ተመለስን።

ማታ አዳራሹ ገባን። ጥቁር ለብሰን ከኋላ ተቀመጥን። መድረኩ ላይ ከጊታሩ ሌላ አንድ ገመድ ብቻ ነው ያለው፤ ፈረስ የለም። ገመዱን ሲይዘው ግን ፈረሱ መጣ። ኦቦ ዲንሳ ራሱ መጣ። ያ አንገቱን ሰበር አድርጎ ዋጋ ሲጠየቅ የማይሰማ መምሰሉ! የፈረንጁ ሕዝብ በሳቅ ወደቀ። እንጭኒ ሲደርስ ፈረሱን ሸጦ ባዶ ገመድ ይዞ የሚመለስበት አለ። እዚያ ላይ ጊታሩን አነሳና ያንን ጌረርሳ በብሉዝ አወጣው። እኛ አምስታችን ፊታችንን ሸፍነን አለቀስን። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ትያትሩ የነካን መስሏት መሐረብ ሰጠችኝ። እሱ አላለቀሰም። እስከ መጨረሻው፣ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብለትም፣ አንድ ጠብታ አልወጣውም። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር።

በነጋታው ስንሄድ በሩ ክፍት ነበር። ወንበሮቹን አውጥቶ ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፏል። ፊቱን ታጥቧል፣ እህል አልቀመሰም። ከፊታችን ቆሞ «አሁን ንገሩኝ» አለን። ነገርነው። የዚያን ጠዋት ለቅሶ አልጽፍልዎትም፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አልሰማሁም።

ትያትር ቤቱ ተቀብሎታል፤ በመጪው መኸር እንደገና ያሳያል። ለአባቱ ዓመት እመጣለሁ ብሏል። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አዴ ሃዋኒ ታስገባኛለች?» እጠይቅልሃለሁ አልኩት።

መንበረ

አምቦ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመንበረ፣

ወረቀትሽን ተቀብዬ ሳምንት ያህል ኪሴ ይዤው ዞርኩ። ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ፤ ከዚህ በላይ ዘመድ የለም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ለአዴ ሃዋኒ ሌላ ወሬ ልፈጥርላት ነበር፤ ልጁ ታሟል፣ ትያትሩ ቀርቷል ልላት። ጎጆ እስክደርስ መኪና ላይ ተለማመድኩት። ፊቷ ስቀመጥ ግን አልሆነልኝም፤ በቤታችን ተዋናይ አንድ ብቻ ነው። ደብዳቤሽን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት።

ገብስ ትለቅም ነበር። እስክጨርስ ቀና አላለችም። እኔ የምትጥለውን ቃል እየጠበቅሁ ኮፍያዬን በእጄ አሽከረክራለሁ። ይህን ልጅ ከደጇ ካባረረችብኝ እኔም አብሬው እንደምወጣ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ታላቄ ብትሆንም።

ገብሱን እየለቀመች «ሰዎቹ ደጁ ሲደርሱ ከአፋቸው ቃል ወጥቷል?» አለችኝ።

«አልወጣም።»

«አባትህ ሞቷል ያለው ሰው አለ?»

«የለም። አልፈቀደላቸውም።»

«ሲዘፍን አልቅሷል?»

«አላለቀሰም አለች መንበረ። አንድ ጠብታ እንኳ።»

ሰፌዱን አስቀመጠችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከዚያ በዚያ ሁላችንም በምንፈራው ድምፅዋ፣ ደጅ ያሉት ጎረቤቶች እንዲሰሙ አድርጋ፦

«እንግዲያው ልጄ አልተረዳም ነበር» አለች። «ያልተረዳ ሰው አባቱ በሕይወት አለ። አባቱ በሕይወት ያለ ልጅ ቢዘፍን ማን ምን ይለዋል? የሚል ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ። ፍሮምሳ ሲመጣ በዚህ በር ይግባ በሉት።»

እኔ ተነስቼ ጉልበቷን ሳምኩ። እሷ እጄን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝና ማንም እንዳይሰማ አድርጋ «ወንድሜን እንዴት አድርጎ አቆመው? ከገመዱ ጀምረህ አንብብልኝ» አለችኝ።

ነጋሳ